አሥራ ሁለተኛዋ ኳስ

የሃርላን ፎልስ የቤዝቦል ሜዳ ሽማግሌ ዳኛ ኦርቪል ስታውብ፣ በዳኞች ክፍል ወለል ላይ ተዘርሮ ተገኘ። ጆሮ ግንዱ ተፈንክቷል። አጠገቡ ደም የነካት ኳስ ወድቃለች፤ ወደ ሜዳው የሚያየው መስኮትም ክፍት ነው።

የቡድኑ ኳስ ወርዋሪ ሌስተር ጋንት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እጁን ያያል።

«የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ ውስጥ ሐዘንም ፍርሃትም የለም። «ጠዋት ልምምድ ላይ አንዷ ኳስ አምልጣኝ በመስኮቱ ወደዚህ በረረች። ከእንግዲህ ኳስ አልነካም።»

«ምን ተሰማህ?» አለው መርማሪ ኦገስት ቮግል።

«ምንም። እጄ ራሱ የኔ አይመስለኝም።»

«አንተ ልጅ፣ አፍህን ዝጋ!» አለ አሠልጣኙ ሞሪስ ደን። «መርማሪ፣ ኦርቪል እኮ ነው ያሳደገው!»

የቡድኑ ባለቤት ሚስተር ቡን ግን ኮቱን አጣጥፎ ክንዱ ላይ እንደያዘ፣ «አደጋ ነው፤ ልጁ ሲወረውር መች አቅጣጫ ያውቃል?» አለ። ቋሊማ ሲሸጥ ኖሮ ባለፈው ክረምት ቡድን የገዛ ሰው ነው፤ አይፈረድበትም።

ቮግል የሟቹን መዳፍ ገልብጦ አየ፤ ጭቃ ነው። ጥግ ላይ በቆመ ባልዲ ውስጥ ያሉትን በጭቃ የታሹ ኳሶች ቆጠረ፤ አሥራ አንድ። ከዚያ በሩን ዘጋው።

«ደን፣ የምትለማመዱት በምን ኳስ ነው?»

«በጠቆረ አሮጌ ነዋ! አዲስ ማን ሰጥቶን?»

«ለጨዋታስ?»

«አዲስ። ግን ዳኛው በወንዝ ጭቃ ሳያሻት ወርዋሪ እጅ አትገባም። ታንሸራትታለቻ!»

ቮግል ኳሷን አነሳ። ከደሟ በቀር እንደ ወተት ነጭ ናት። ደን በድንጋጤ አፉን ያዘ፤ ቡን ምንም አልገባውም።

«የአዲስ ኳስ ካርቶን አሥራ ሁለት ይይዛል» አለ ቮግል። «ስታውብ አሥራ አንዱን አሸ። አሥራ ሁለተኛዋን ሳያሻት ሞተ፤ ጭንቅላቱን የመታው ይህ ምድጃ ነው፤ ደሙ ጠርዙ ላይ አለ። ሌስተር ይህችን ኳስ ነክቷትም አያውቅም። ገዳዩ ከካርቶኑ አውጥቶ ደም ቀባት። እዚህ ሜዳ ያደገ ሰው ቢሆን አሮጌ የልምምድ ኳስ ይፈልግ ነበር። ይህን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ሚስተር ቡን፣ እስኪ ኮትዎን ይዘርጉት።»

እጅጌው ላይ አምስት የጭቃ ጣቶች ታትመዋል።

«የዛሬውን ጨዋታ አዳላልኝ አልኩት» አለ ቡን። «እምቢ አለ። ገፋሁት፤ መግፋት ብቻ።»

ብቻ ይላል እንግዲህ!

ቮግል ከባልዲው አንዷን አውጥቶ ሌስተር መዳፍ ላይ አኖራት።

«የስታውብ የመጨረሻ ሥራ ናት። አንተ አልገደልከውም።»

ሌስተር በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። የጭቃው ሻካራነት ተሰማው። ማልቀስ የጀመረው ገና ያኔ ነው።