የአስማረ ማር

«ይኸ ነጭ ማር ነው?» ሐጂ ዓሊዬ ማሩን በማንኪያ አንስተው ወደ ሱቁ በር ብርሃን አዞሩት። «ቢጫ ነው! የቆላ ማር ደባልቀህበታል።»

አስማረ ከደሃና ያመጣውን ባልዲ እንዳቀፈ ደርቆ ቀረ። «እኔ ልደባልቅ፣ ሐጂ? ከዱሮው ቀፎ ነው የቆረጥኩት። ስንት ዘመን ስሸጥልዎ ኖሬ!»

«ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ውሰድልኝ።»

አስማረ ባልዲውን ከድኖ ወደ ገበያው ወጣ። የሐጂ የልጅ ልጅ ሙና ከመደርደሪያው ጥግ ሆና በዓይኗ ሸኘችው። ሰቆጣ ውስጥ አያቷ ነጭ ያሉት ማር ነጭ ነው፤ ሌባ ያሉትንም ሰው ማንም አይጠጋውም። አስማረ ዛሬ ባልዲውን ይዞ ቢዞር የሚገዛው አያገኝም።

ግን ማሩን እሷም አይታዋለች። እንደ ወተት ነጭ ነበር።

መጀመሪያ አስማረን ጠረጠረችው፤ ላይ ላዩን ነጭ አድርጎ ከሥር ሌላ ደብቆ ይሆናል ብላ። ቀጥላ አያቷን ጠረጠረች። ዋጋ ለመስበር ይሆን? ሶላት የማያሳልፉ ሰው እንዲህ ያደርጋሉ? ሐሳቡ ራሱ አሳፈራት። ከዚያ የትናንቱ ትዝ አላት። ነጩን ሻሽ ተከናንባ ሳለ «ይቺን ቢጫ ሻሽ ማን ገዛልሽ?» ብለዋት ነበር። የሚቀልዱ መስሏት ስቃ አለፈችው።

መምህርት ማስተዋል በትምህርት ቤቱ ጤና ክበብ የነገሯቸው አሁን መጣባት። የዓይን ሞራ ሲጀምር አያምም፤ ቀለም ያደበዝዛል፣ ነጩን ቢጫ ያስመስላል። ስለዚህ ዕድሜ ሲገፋ ሳያምም መመርመር፣ ሲጋራ መተው፣ ዓይንን ከልጅነት ጀምሮ ከፀሐይ መከለል። ሙና ያን ሰሞን ለአያቷ ሰፊ ባርኔጣ አምጥታላቸው ነበር። «እኔ ቱሪስት ነኝ?» ብለው ሚስማር ላይ ሰቀሉት፤ እስከ ዛሬም እዚያው ነው።

ከመደርደሪያው ሥር አንድ ጠርሙስ አወጣች። አያቷ ለዒድ እንግዳ ብለው ራሳቸው የመረጡት፣ አፉን በጨርቅ ያሰሩት ነጭ ማር ነው።

«አባባ፣ ይኸንስ?»

ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጉት። «ያው ቢጫ! እሱ ነው የሰጠሽ?»

«ቋጠሮውን ይዳብሱት።»

ጣታቸው ጨርቁ ላይ ሄደ። እንደሳቸው የሚቋጥር በገበያው የለም። በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ።

«የዓይኔን ነገር ለሰው ተናግረሻል?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው ሩጪና አስማረን ጥሪልኝ። ሱቁ ጨለማ ነበር፣ አሳስቷቸው ነው በይው።»

የቀትር ፀሐይ እስከ መደርደሪያው ድረስ ገብቷል። እንዲያ ማለት ቀላል ነበር፤ አስማረ ይመለሳል፣ አያቷም አያፍሩም። ነገስ? ነገ ደግሞ ሌላ ማር ቆራጭ ሌባ ይባላል፣ የሳቸውም ዓይን እየባሰበት ይሄዳል። ሙና ፈራች።

«አልልም፣ አባባ።» እምቢ ብላቸው አታውቅም ነበር። «እውነቱን ለአስማረ እርስዎ ይንገሩት፤ እኔ እወስድዎታለሁ። ከዚያ ሐኪም ቤት እንሄዳለን።»

ቁጣቸውን ጠበቀች። እሳቸው ግን ተነሥተው ግድግዳውን ዳበሱና ባርኔጣውን አወረዱ። እሷ ራስ ላይ ደፉት።

«አባባ፣ የእርስዎ እኮ ነው!»

«እኔስ ዘግይቻለሁ። ገና ብዙ የምታዪው አንቺ ነሽ።»

«ሞራ ይገፈፋል እኮ።» አውልቃ መልሳ ለሳቸው ደፋችላቸው። «ለእኔ ሌላ ይገዙልኛል።»

ሐጂ ዓሊዬ እንደ መሳቅ አሉ፤ ባርኔጣውንም አላወለቁትም። ክንዷንም ያዙ።

«መጀመሪያ ወደ አስማረ» አሉ።

ሙና ሱቁን ቆለፈች።