የአይሪስ ቀሚስ ቁራጭ

ኦርቫል ስቴንገር የተገኘው ከመወዳደሪያው ጎዳና መጨረሻ፣ የአሸዋው ክምር ውስጥ፣ በረጅሟ የውድድር መኪናው ወንበር ላይ በቀበቶ እንደታሰረ ነበር። ነፍሱ ከወጣች ቆይታለች። ከመኪናዋ ጀርባ ያለው፣ ፍጥነቷን የሚገታው ፓራሹት እንደተጠቀለለ ነው። ሸሪፉ መጣ፤ አየ፤ «ሽማግሌው ብቻውን ሹልክ ብሎ ገብቶ ነዳ፣ ፓራሹቱን መዘርጋት ረሳ፣ አበቃ» ብሎ ወደ ቁርሱ ሄደ። ምርመራ ተብዬው ይኸው ነው!

ከዚያ ወዲህ የኦርቫል ስም በተነሳ ቁጥር «ጃጅቶ ነበር እኮ» የማይል ጠፋ። የመወዳደሪያ ሜዳው ባለቤት ሮዝሊም በውድድር ላይ የሞቱ ሰዎች ስም በሚሰፍርበት ሰሌዳ ላይ የእሱን ስም አላስጽፍም አለች። የኦርቫል ልጅ ማርላ ይሄ አልዋጥ አላት። ስለዚህ ኦፌሊያ ኬሳዳን ጠራች። ኦፌሊያ ከነፍስ ግድያ ምርመራ ጡረታ የወጣች፣ ጉልበቷ የከዳት፣ ዐይኗ ግን ያልከዳት ሴት ናት።

«ምን እንዳደርግልሽ ነው?» አለች ኦፌሊያ።

«አባቴ አልረሳም። ማታ አብረን ስንበላ ‹በጸደይ ውድድር አይሪስን የምትነጂያት አንቺ ነሽ፤ ነገ ለጓደኞቼ እነግራቸዋለሁ› ብሎኝ ነበር። ይሄ የጃጀ ሰው ንግግር ነው?»

አይሪስ የመኪናዋ ስም ነው። የሟች ሚስቱም ስም ነበር።

ኦፌሊያ በጋራዡ ውስጥ የተጎዳችውን መኪና እየዞረች አየቻት። ከወንበሩ አጠገብ የፓራሹቱን መሳቢያ እጀታ ስትነካው ቆልመም ብሏል።

«ድሮም እንዲህ ነበር?»

«ኧረ ቀጥ ያለ ነበር።»

«እንግዲያው ስቦታል። ያውም ባለ በሌለ ኃይሉ። ታዲያ ለምን አልተዘረጋም?»

«ከኋላ መቆለፊያ ፒን አለው፤ መኪናዋ ቆማ ሳለች በድንገት እንዳይዘረጋ። በእናቴ ቀሚስ ቁራጭ ነው የታሰረው፤ ቀይ ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለው። የሚገፋው ሰው ፒኑን ይነቅልና ፊት ለፊቱ መጥቶ ጨርቁን ከፍ አድርጎ ያሳየዋል። አባቴ ያን ሳያይ ንቅንቅ አይልም።»

«የሚገፋው ሰው አልሽ?»

«ሞተሪኖ የላትማ! የድሮ መኪና ናት። ፒክአፕ ከኋላ ካልገፋት አትነሳም። ለሸሪፉ ነገርኩት፤ ‹ሐዘን ላይ ነሽ፣ እረፍት አድርጊ› አለኝ።»

«ፒኑስ?»

«የለም። ሸሪፉ አባትሽ ራሱ ነቅሎ ጥሎት ይሆናል አለኝ።»

«በቀበቶ ታስሮ፣ ከጀርባው?» ኦፌሊያ በምሬት ሳቀች። «ማን ማን ነበር የሚገፋው?»

«ሦስቱ ጓደኞቹ፣ በየተራ። ሁሉም አልነበርንም ይላሉ።»

ዴልመር ሞተር ሠሪ ነው፤ ግራ እግሩ አይታጠፍም። ስትጠይቀው ደሙ ፈላ። «በዚህ እግሬ ነው ፍሪሲዮን ረግጬ ፒክአፕ የምነዳው? አንቺ ደግሞ!»

«ለሌላ ሰው ሲገፉ ያየዎት አለ።»

«ያኔ አውቶማቲኩን ይዤ ነዋ! እሱን ሸጥኩት።»

ሮዝሊ ትኬት መሸጫዋ ውስጥ ሆና ቀና ሳትል መለሰች። «የበሩ ቁልፍ ሚስማር ላይ ነው የሚንጠለጠለው፤ ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ቤቴ ተኝቼ ነበር።»

«ብቻውን ሊያስነሳት እንደማይችል ያውቁ ነበር። ለሸሪፉ ለምን ዝም አሉት?»

«ከሦስታችን አንዳችን ነን ማለት ነዋ። ማንን አሳልፌ ልስጥ?»

«ስለዚህ ሟቹን ሰጡት።»

ሮዝሊ የመሸጫዋን መስኮት ዘጋች።

ሦስተኛው ቬርን ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ ከኦርቫል ጎን ያልተለየ። ገና ስሙ ሲነሳ ዐይኑ እንባ አቀረረ። «ወንድሜ ነበር። ግን መርሳት ጀምሮት ነበር፤ የእኔን ስም ሁሉ ይስት ነበር፣ ምን ልበልሽ?» አለና ከኋላ ኪሱ ቀይ የጋራዥ ጨርቁን አውጥቶ እንባውን ጠረገ። ኦፌሊያ ጨርቁን አየት አድርጋ አመስግናው ሄደች።

ለመታሰቢያው ዕለት ዴልመር የመኪናዋን አካል እንደምንም አቀና። መወዳደር ባትችልም ሞተሯ ተነስቶ በወዳጁ ስም እንዲያገሳ ነው። ወንበሩ ላይ ማን ይቀመጥ ሲባል ሁሉም በአንድ አፍ «ቬርን!» አሉ። ማርላ እኔ እገፋለሁ አለች።

ጎረቤት፣ ወዳጅ፣ ተወዳዳሪ ተሰብስቧል፤ ሥጋው እየተጠበሰ ነው። ፒክአፑ ገፋ፤ ሞተሩ ባንዴ ጮኸ፤ ነበልባሉ ከሁለቱም ጎን ተተፋ፤ የነዳጁ ጢስ ዐይን አቃጠለ። ማርላ ከፒክአፑ ወርዳ ወደ መኪናዋ ጀርባ ሄደች። ከዚያ ቬርን ፊት ቆማ ነጭ ነጠብጣብ ያለውን ቀይ ጨርቅ ከነፒኑ ከፍ አደረገች።

«ውይ! ተገኘ!» አለች ሮዝሊ። ዴልመር ኮፍያውን አውልቆ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ቬርን ሞተሩን አጠፋው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ያ አይደለም» አለ።

«ምኑ ነው ያልሆነው አጎቴ ቬርን?» አለች ማርላ።

«ፒኑ ነዋ! የውሸት ነው!»

ኦፌሊያ እያነከሰች መጥታ መኪናዋ አጠገብ ቆመች። ሰዉ ከበባቸው።

«እውነት ነው፤ ትናንት የሠራነው ነው» አለች። «ጨርቁ ግን ከዚያው ከአይሪስ ቀሚስ የተቆረጠ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሲያዩት የኖሩት ዴልመርና ሮዝሊ እንኳ አመኑ። የውሸት ነው ሊል የሚችለው እውነተኛው የት እንዳለ የሚያውቅ ብቻ ነው። እጀታው ተቆልምሟል፤ ስለዚህ ኦርቫል ስቧል። ፓራሹቱ አልተዘረጋም፤ ስለዚህ ፒኑ አልተነቀለም ነበር። በኋላ ግን ፒኑ የለም፤ ስለዚህ አንድ ሰው የኦርቫል መርሳት እንዲመስል አሸዋው ድረስ ሄዶ ነቅሎታል። ኦርቫል ደግሞ ቀይ ሳያይ አይሄድም።» ወደ ቬርን የኋላ ኪስ ጠቆመች። «ያቺን የእንባ መጥረጊያዎን ነው ያሳዩት። በጢስ ውስጥ፣ ከወዳጁ እጅ። እሱ አመነዎት። እርስዎ ግን ዛሬ ልጁ ስታሳይዎ አላመኗትም።»

ቬርን ከሸሚዙ ኪስ እውነተኛውን ፒን አወጣ። ጨርቁ ወይቧል።

«ዕድሜዬን ሙሉ ገፋሁት!» አለ። «‹አንድ ቀን ወንበሩ ያንተ ነው› ይለኝ ነበር። የዚያን ጠዋት እየሳቀ ‹ለማርላ ሰጠኋት፣ አንተ ትገፋታለህ› አለኝ። በፍሬን ያቆማታል ብዬ ነው፤ ደንግጦ ይመለሳል ብዬ…»

«ፒኑን ሊነቅሉ ሲሄዱ ኦርቫል በሕይወት ነበር?» አለች ኦፌሊያ።

ቬርን አንገቱን ደፋ። የጥብሱ ፍም ሲንጣጣ ይሰማል።

«በስሜ ጠራኝ።»

ማርላ ጠጋ አለች። «ሳይስት?»

«ሳይስት።»

ሮዝሊ «ስሙን ዛሬውኑ ሰሌዳው ላይ አስጽፋለሁ» አለች።

«እስካሁን የት ነበርሽ?» አለቻት ማርላ፤ ፒኑንም ከቬርን እጅ ተቀበለች።