ቀይ የቀረው ምንጭ

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ፕሮፌሰሩ ቢሯቸው ውስጥ፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያቸው ሥር በጀርባቸው ተንጋለዋል። አንድ እግር ጫማቸው ወልቋል። ማጅራታቸው ከጠረጴዛው ማዕዘን ጋር ተላትሞ ነበርና ሐኪሙ ብዙም ሳይደክም ጓንቱን አወለቀ።

«ወዲያው ነው ያለፉት» አለ።

ሰዓቱን የነገረቻቸው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። ከሥር ባለው ፎቅ ላይ ሆና፣ ፈርማ ልትወጣ ሰዓቷን እያየች ሳለ፣ ልክ ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ ከበላይዋ አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰምታለች። ዕቃ የሚያዛውሩ መስሏት ሄደች።

ሆዱ ከራሱ ቀድሞ በር የሚገባው ሳጅን ጉዳዩን ዘግቶ ወደ ምሳው ለመመለስ ቸኩሏል። በጎኑ የወደቀውን ባለ ሦስት እርከን መሰላል በእግሩ እየጠቆመ፣ «ተንሸራተው ነዋ!» አለ።

«መሰላል ሲንሸራተት ወደ ኋላ ይሄዳል እንጂ እንዲህ በጎኑ አይጋደምም» አለች ኢንስፔክተሯ። «የእግሩ ጎማ አዲስ ነው። ወለሉም ደረቅ ነው። ሰው ገፍቶታል።»

ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወንፊት» ይሏታል። የማያውቁት አንድ ነገር ቢኖር ወንፊቷ ክፉኛ ቀናተኛ መሆኗን ነው። ይህንን የሚያውቁት ባሏና የባሏ ስልክ ብቻ ናቸው።

የፕሮፌሰሩ ኮምፒዩተር እንደበራ ነው። ስክሪኑ ላይ የአንድ የቆየ መጽሐፍ ርዕስ፣ ደራሲና የገጽ ቁጥር ይታያል፤ ፊደሎቹ ግን አውራ ጣት ያህላሉ። ከጎኑ ቀይ ነጥብ አለ።

«ፕሮፌሰሩ ዓይናቸው ደካማ ነበር?» ብላ ጠየቀች።

«ኧረ በፍጹም! መነጽር አድርገው አያውቁም» አለ ሬሳውን ያገኘው ረዳታቸው። እሱ ግን መነጽሩን ሲተኛም የሚያወልቅ አይመስልም። የሰው ጽሑፍ ሲያርም ምልክት ስለማያልፍ ተማሪዎቹ «ነጠላ ሰረዝ» ብለው ስም አውጥተውለታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የማጣቀሻ ማደራጃ ሶፍትዌር ነው። ያነበብነውን መጽሐፍና ጥናት ሁሉ፣ ደራሲውን፣ ዓመቱን፣ ገጹን እዚህ እናስገባለን። ስንጽፍ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የምንጫነው፤ ዋቢውን ራሱ ደርድሮ ይሰጠናል። ኦንላይን ስለሆነ ሦስታችንም ካለንበት እንሠራበታለን።»

«ሦስታችሁ እነማን ናችሁ?»

«ፕሮፌሰሩ፣ እኔና... እሷ።»

«እሷ» ሲል ጥርሱ መሀል አሸዋ የገባበት ይመስል ነበር። «እሷ» የዶክትሬት ተማሪያቸው ናት። ነጠላ ሰረዝ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ አጣ። «አሥራ አንድ ዓመት አገልግያለሁ፤ አንኳኩቼ ነው የምገባው። እሷ በመጣች በስድስተኛ ዓመቷ፣ ይኸው አራት ወር ሙሉ፣ በር ቆልፈው ሁለቱ ብቻ! ዛሬ ጠዋት እያለቀሰች ‹አሁኑኑ ይንገሯቸው! ሲደብቋቸው እኔ አልችልም!› ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የሚነገራቸው ማን እንደሆኑ መቼም ይገባዎታል።»

ገብቷታል፤ የፕሮፌሰሩ ባለቤት ናቸው። የኢንስፔክተሯ ልብ እዚያው ፈረደ፤ ልጅቷን ሳታያት ጠላቻት።

«ይሄ ነገር ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ይመዘግባል?»

ነጠላ ሰረዝ ሁለት ጊዜ ተጫነና ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

«አንብበው እንጂ።»

«የመጨረሻው ለውጥ... ዛሬ ስምንት ሰዓት ከሠላሳ አንድ። ገጽ 212 ወደ 221 ተቀይሯል። ማስታወሻው ላይ አንድ ቃል ተጨምሯል፤ ‹ታይቷል› ይላል። በፕሮፌሰሩ ስም ነው።»

«ሰውዬው ከሞቱ ከአሥራ አንድ ደቂቃ በኋላ ተነሥተው ገጽ አረሙ ማለት ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። ሳጅኑ ምሳውን ረሳ።

በማግስቱ ጠዋት አለቃዋ ጠራት። ተማሪዋ ያደረችው ጣቢያ ነው። «ጭቅጭቁ ተሰምቷል፤ በሞቱበት ሰዓት ማተሚያ ቤት ወረፋ ላይ ነበርኩ ትላለች፤ ያያት የለም። እስከ ማምሻው ሌላ ሰው ካላመጣሽ ክስ ይመሠረትባታል።»

ልጅቷ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። መልከ መልካም ናት፤ ይሄም ኢንስፔክተሯን አላስደሰታትም።

«ነገ ጠዋት ነው የመመረቂያ ጥናቴን የምከላከለው» አለች ልጅቷ። «ካልቀረብኩ ስድስት ዓመቴ ገደል ገባ።»

«እንግዲያው ተናገሪ። በር ቆልፋችሁ ምን ነበር የምትሠሩት?»

«ባለቤታቸው ምንጮችን በእጃቸው የጻፉባቸውን ካርዶች ወደ ሶፍትዌሩ ስናስገባ ነበር። ሌላውን ለማንም ላልናገር ቃል ገብቼላቸዋለሁ።»

«ቀይ ነጥቡስ?»

ልጅቷ ቀና አለች። ስለ ሥራዋ ስትጠየቅ ድምፅዋ ተለወጠ። «ቀይ ማለት ከካርዱ ጋር ገና ያልተመሳከረ ነው። አመሳክረን፣ ስህተት ካለው አርመን፣ አረንጓዴ እናደርገዋለን። ዘጠኝ ሺውም አረንጓዴ ነው፤ ከአንዱ በቀር።»

«እሱስ ለምን ቀረ?»

«ባለቤታቸው ገና ሲጋቡ የጻፉት የመጀመሪያው ካርድ ነው። ‹እሱን እኔና እሷ አብረን ነው የምናመሳክረው› አሉኝ።»

«አንቺ ብታርሚው አረንጓዴ ማድረጉን ልትረሺ ትችያለሽ?»

«እንዴት ብዬ? ዘጠኝ ሺ ጊዜ የለመደ እጅ እኮ ነው!»

ኢንስፔክተሯ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ትናንት የፈረደው ልቧ አሁን አፈረ።

የፕሮፌሰሩ ቤት አቧራ የማያርፍበት ቤት ነው። ባለቤታቸው አጭር፣ ቀልጣፋ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ሴት ናቸው። ሲያለቅሱ አድረው ዓይናቸው አብጧል፤ የጠረጴዛው ልብስ ግን አንድ እጥፋት እንኳ የለበትም። ስልካቸውን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው ለእህታቸው መልእክት እየጻፉ ነበር። ጣታቸው ይሮጣል።

«ያቺ ልጅ ታስራለች አይደል?» አሉ ቀና ሳይሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ባሌን ከእኔ በላይ የምታውቀው እሷ አይደለችም? እሷን ጠይቂያት።»

ግድግዳው ሥር የወለሉ ቀለም በአራት ማዕዘን የደመቀበት ቦታ አለ፤ ትልቅ ዕቃ የተነሣበት ነው። ኢንስፔክተሯ ዓይኗን ተከለችበት።

«የካርዶቼ ቁም ሳጥን ነበር» አሉ ሴትዮዋ። «ሠላሳ አራት ዓመት፣ እሱ ያነበበውን ሁሉ በእጄ ካርድ ላይ ጽፌ፣ ከመጽሐፉ አመሳክሬ ያስቀመጥኩበት። መጽሐፎቹን ሁሉ ታይፕ የመታሁለትም እኔ ነኝ። ‹ምስጥ ገብቶበታል፣ ላሳክመው› ብሎ አንድ አንድ መሳቢያ እያለ ወሰደ። ባለፈው ሳምንት ቁም ሳጥኑንም ወሰደው።»

«ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። የት እሄዳለሁ? ለዚያ ቢሮ እኔ ምኑ ነኝ?»

«በሶፍትዌሩ ሠርተው ያውቃሉ?»

«ኮምፒዩተር? ማብሪያውንም አላውቀው!» ከዚያ ጠረጴዛውን በእጃቸው መዳበስ ጀመሩ። «መነጽሬን የት ጣልኩት ደግሞ? ትናንትም ቀኑን ሙሉ ስፈልገው ውዬ ማታ ነው ስፌት መኪናው ላይ ያገኘሁት።»

መነጽሩ መድኃኒት ማስቀመጫው ላይ ነበር። ኢንስፔክተሯ ልታቀብላቸው ስትነሣ፣ ክዳኑ ላይ የተለጠፈች ወረቀት አየች። የእያንዳንዱ መድኃኒት ስምና የሚያበቃበት ቀን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተደርድሯል። ከእያንዳንዱ መስመር ጫፍ ላይ አንድ ቃል አለ። ኢንስፔክተሯ አነበበችው፤ መነጽሩን አቀበለቻቸው፤ ምንም አላለችም።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ፕሮፌሰሩ ቢሮ ተሰበሰቡ። ባለቤታቸው መስኮቱ ሥር፣ ነጠላ ሰረዝ በሩ አጠገብ፣ ልጅቷ ከሳጅኑ ጎን ተቀመጡ። ሴትዮዋ ልጅቷን ላለማየት ፊታቸውን አዞሩ። ነጠላ ሰረዝ ደግሞ የኮምፒዩተሩን ወንበር ያያል፤ ይህን ወንበር አሥራ አንድ ዓመት ሲመኘው ኖሯል።

«እዚህ ቤት ያልቀና የለም» ብላ ጀመረች ኢንስፔክተሯ። «እኔንም ጨምሮ። ቅናት ያላየውን አየሁ ያሰኛል፤ እኔንም ትናንት አሰኝቶኛል። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ያየሁትን ብቻ ነው።»

ኮምፒዩተሩን አበራች።

«አንደኛ። ፕሮፌሰሩ ከሞቱ በኋላ አንድ ሰው እዚህ ተቀምጦ አንድ ገጽ አርሟል። ገንዘብ አልወሰደ፣ ወረቀት አልቀደደ፣ ገጽ አርሞ ሄደ። እንዲህ የሚያደርግ ስህተት አይቶ ማለፍ የማይሆንለት ሰው ነው።»

ሁሉም ነጠላ ሰረዝን አዩት። ብድግ አለ።

«እኔ አይደለሁም! እማልላችኋለሁ!»

«አይደለህም» አለች፤ ከትናንት ወዲህ አንቱታውን ትታዋለች። «ያረመው ሰው ቀዩን ነጥብ እንደነበረ ትቶታል። አንተም ሆንክ እሷ አርማችሁ አረንጓዴ ሳታደርጉ አትነሡም፤ እጃችሁ ለምዶታል። ይሄ ሰው ትክክለኛውን ገጽ በቃሉ ያውቃል፤ የቀለሙን ሥርዓት ግን አያውቅም።»

በጣቷ ወደ ስክሪኑ ጠቆመች።

«ሁለተኛ። ፊደሎቹ የገዘፉት ለፕሮፌሰሩ አይደለም፤ እሳቸው መነጽር አያደርጉም። ልጅቷም አታደርግም። አንተ ከመነጽርህ ተለይተህ አታውቅም። ያገዘፉት መነጽሩን ረስቶ ለመጣ ሰው ሊያሳዩ ነው። ሦስተኛ...» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትናንት ገጹን አርሞ ‹ታይቷል› ብሎ የጻፈ እጅ፣ የመድኃኒት ቀን ሲያመሳክርም ‹ታይቷል› ይላል። ቤትዎ አይቼዋለሁ፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ አልደነገጡም። ቀጥ ብለው እንደተቀመጡ ናቸው።

«‹ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ› ብሎ ደወለልኝ» አሉ። «መጣሁ። በመጀመሪያው ካርዴ ላይ የጻፍኩትን መጽሐፍ ኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቶ አሳየኝ። ገጹ ስህተት ነው። ‹221 ነው› አልኩት። ‹እስቲ ከመጽሐፉ እንየው› ብሎ መሰላል ላይ ወጣ። በሠላሳ አራት ዓመት፣ እኔ ያልኩትን ገጽ ከመጽሐፍ አይቶ አያውቅም ነበር! ‹ካርዶቼስ?› አልኩት። ‹ምስጡ ጨርሷቸው ለወረቀት ሰብሳቢዎች ሰጠናቸው› አለኝ። ሰጠናቸው! እሱና እሷ! እየሳቀ ነው የነገረኝ። ቀናሁ፣ ልጄ። ከሌላ ሴት ጋር ቢተኛ እንኳ እንዲያ የምቀና አይመስለኝም። መሰላሉን ገፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ... ገጹ ተሳስቶ ነበር። እንዴት ትቼው ልሂድ?»

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ታለቅስ ነበር። ኢንስፔክተሯ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። «ለማንም አልናገርም ያልሽውን አሁን አሳዪያቸው።»

ልጅቷ ተነሥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ፊደሎቹን አሳነሰች። ቀድሞ ከስክሪኑ በታች ተውጦ የነበረ አንድ መስመር ብቅ አለ። ተጫነችው። የካርድ ፎቶ ስክሪኑን ሞላው፤ ጠርዙን ምስጥ የበላው፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ የሃያ አራት ዓመት ሙሽራ የእጅ ጽሑፍ። ከታች «ታይቷል» ይላል።

«ዘጠኝ ሺውንም አንድ በአንድ ፎቶ አንስተን ከየምንጩ ሥር አያይዘናል» አለች። «ካርዱ ፈራርሶ ሳያልቅ ብለው ነው። ስብስቡንም በእርስዎ ስም ሊያወጡት ነበር፤ አዘጋጅ ተብሎ የሚጻፈው የእርስዎ ስም ብቻ ነው። ሊያስደንቁዎት ፈልገው ነበር። እኔ ‹አሁኑኑ ይንገሯቸው፣ ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ይከፋቸዋል› እያልኩ ስለምናቸው ነበር።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት።

«መሰላሉ ላይ ሆኖ ‹ቆይ፣ ገና አላየሽውም› ብሎኝ ነበር» አሉ። «ሊያባብለኝ መስሎኝ።»

ነጠላ ሰረዝ እንኳ ወንበሩን ማየት ትቶ ወለሉን ያያል። ሳጅኑ ካቴናውን አወጣና መልሶ ኪሱ ከተተው።

ባለቤታቸው ከመጡ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅቷን ዓይን ዓይኗን አዩዋት።

«የኔ ልጅ፣ ትናንት የጻፍኳትን ያቺን ‹ታይቷል› የምትለውን አጥፊልኝ። አላየሁም ነበር።»

የልጅቷ እጅ ወደ ቁልፉ ሄደ። ኢንስፔክተሯ ቀስ ብላ ያዘቻት።

«አይነካም» አለች። «ማስረጃ ነው።»