በሰይጣኑ ሰዓት

ላምፑካ መጣ።

ኢንድሪ በለውዝ ከረሜላ ሻጩ ድንኳን ጥላ ሥር ቆሞ አየው። ነጭ ሸሚዝ፣ ነጭ ጫማ። የሃል ሽሎክ መንደር አደባባይ በበዓሉ ሰው ተጨናንቋል። ርችቱ ከማለዳ ጀምሮ ይንጣጣል፣ ማርሽ ባንዱ ተራውን ይጠብቃል። በቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ የሃል ሽሎክ እግር ኳስ ክለብ በረኛና አምበል ዊስቲን የጓንት ቦርሳውን እግሩ ሥር አድርጎ ተቀምጧል።

ቦርሳው ውስጥ የድምፅ መቅረጫ አለ።

ዊስቲን አያውቅም።

የከተተው ኢንድሪ ነው። ኢንድሪ የክለቡ ወጌሻ ነው፤ የተጫዋቾቹን እግር ሲያሽ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ለላኩት ሰዎች ግን ስሙ መሪል ነው፣ ሥራውም ጨዋታ የሚሸጡና የሚገዙ ሰዎችን ማደን። ለዊስቲን ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። አበልጁ ነው። በፋሲካ ሰሞን ከዊስቲን ሚስት ከዶሎር እህት ጋር ሆኖ ትንሿን ልጃቸውን ሮዛሪያን ክርስትና አንስቷል።

ዊስቲንም ምስጢሩን ያዋየው አበልጁ ስለሆነ ነው። አንድ ሰው ከአውሮፓው ጨዋታ በፊት ላናግርህ እያለ አላስቆም አላስቀምጥ እንዳለው፣ በጥፊ ሊለው እንደሚያስብ ነገረው። ኢንድሪ «አትምታው» አለው፤ ሰው በተሰበሰበበት ያግኘውና የሚለውን ይስማ። ምክሩ የአበልጅ ይመስል ነበር። ግን ትእዛዝ ነበር፤ ያዘዘውም አጎት ተብሎ የሚጠራው አለቃው ነው። በረኛው ምስክር እንጂ ተከሳሽ እንደማይሆን አጎት ምሎለታል።

ሥራውን ዘንባባ፣ የሚታደነውን ሰው ላምፑካ ብለውታል። የሃል ሽሎክ ዓሣ አጥማጆች የዘንባባ ቅርንጫፍ ባሕሩ ላይ ያንሳፍፋሉ፤ ላምፑካ የሚባለው ዓሣ ጥላ ፍለጋ ሥሩ ይሰበሰባል፣ እዚያው ይያዛል። ስለ ዘንባባው የሚጨነቅ የለም።

ላምፑካ ዊስቲን አጠገብ ተቀመጠ፤ መቅረጫው የሚያስተላልፈው ድምፅ ኢንድሪ ጆሮ ውስጥ ባለው ማዳመጫ መጣ።

«ከእረፍት በፊት ሁለት ጎል ይግባብህ» አለ ላምፑካ። «ከዚያ ወዲያ እንደ አንበሳ ተጫወት። ቆንጆ ልጅ አለችህ አሉ። አባቷ ብልህ ቢሆን ደስ ይላታል።»

ዊስቲን ቀና ብሎ የቤተ ክርስቲያኑን ማማዎች አየ።

«በሰይጣኑ ሰዓት አደርግልሃለሁ» አለ።

ኢንድሪ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ማማዎቹ ላይ ሁለት ሰዓቶች አሉ። የቀኙ የሚሠራ ነው፣ ለሰው። የግራው ቅብ ነው፤ ለዘላለም ለስድስት ሩብ ጉዳይ። የጥንት ሰዎች የሣሉት ሰይጣን የቅዳሴውን ሰዓት እንዲስት ነው። ሃል ሽሎክ ውስጥ ሴቷ የማትፈልገውን ወንድ «በሰይጣኑ ሰዓት አገባሃለሁ» ትለዋለች። መቼም አይሆንም ማለት ነው፣ ያውም ከነስድቡ።

ላምፑካ የከተማ ሰው ነው። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ሆነበት። ቀና ብሎ የግራውን ሰዓት አየ።

«ለስድስት ሩብ ጉዳይ? ይሁን። በጨዋታው ቀን፣ በዚያ ሰዓት ሰው እልክልሃለሁ።»

ሄደ። ዊስቲን ከኋላው ምራቁን ተፋ።

በዚያው ቅጽበት የኢንድሪን ትከሻ አንድ እጅ ያዘው።

«ምን ትሰማለህ?»

የላምፑካ ጠባቂ ነው። አንገቱ የጭነት መኪና ጎማ ይመስላል።

«ቅዳሴ።»

«ቤተ ክርስቲያኑ እፊትህ አይደል እንዴ?»

«ወንበር የለም። እግሬን ያመኛል።»

ሰውዬው እጁን ዘረጋ። ማዳመጫውን ነው የፈለገው።

ኢንድሪ ከጆሮው አወጣው።

ሰጠው።

ሰውዬው ጆሮው ውስጥ ከተተው። የዊስቲን ቦርሳ ከቤተ ክርስቲያኑ ክፍት በር አጠገብ ነው። የቄሱ ዜማ ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር። ሰውዬው አማተበ፤ ማዳመጫውን መለሰለት፣ እንዲጸልይለትም ለመነው። ኢንድሪ እሺ አለ፤ የዚያን ቀን ለሁሉም እሺ ማለት ቀሎታል።

መቅረጫውን ከቦርሳው መልሶ አውጥቶ ከሰዓት በኋላ በወደብ ማቋረጫዋ ጀልባ ላይ፣ ፓስቲዚ የሚባል ትኩስ የአይብ ቂጣ በያዘ ከረጢት ውስጥ አድርጎ ለአጎት አቀበለው። በማግስቱም እዚያው ጀልባ ላይ ተገናኙ። አጎት በጉልበቱ ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ይዟል።

«በረኛው ተስማምቷል» አለ። «ሰዓቱን ሳይቀር ቆርጧል።»

«አልተስማማም። በዚያ መንደር ያ አባባል መቼም አላደርገውም ማለት ነው።»

«አውቃለሁ።»

ኢንድሪ ዞሮ አየው።

«አስተርጓሚዬ ነግሮኛል» አለ አጎት። «ወረቀቱ ላይ ግን አልጻፍነውም።»

ከዚያ ነገሩን ረጋ ብሎ አስረዳው። ላምፑካን ማታ ይዘውታል፤ ሳይነጋም ለእነሱ ለመሥራት ተስማምቷል። ከባሕሩ ማዶ ያሉትን ጌቶቹን አንድ በአንድ ያሳያል። ነገር ግን ላምፑካ መንደሩ ድረስ ወርዶ ማንም ሳይከሰስ ቢቀር ጌቶቹ ይጠረጥሩታል። አንድ ሰው መበላት አለበት።

«ምለህልኝ ነበር።»

«ምዬ ነበር። አንተስ ለእሱ ምን ብለኸው ነው ቦርሳው ውስጥ የከተትከው?»

ኢንድሪ በአጎት ለመቆጣት እንኳ መብት እንደሌለው ገባው።

ዊስቲን ጨዋታው ሊደርስ ሲል ታገደ። ሃል ሽሎክ አውሮፓ ሲገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ዊስቲን ለዚያች ቀን ከወጣትነቱ ጀምሮ በጭቃው ላይ ሲወድቅና ሲነሳ ኖሯል። በምትኩ የገባው ተጠባባቂ አራት ተቆጠረበት። በክለቡ ሰገነት ላይ ተሰቅሎ የነበረው የዊስቲን ምስል ወርዶ ማንም አልሰቀለውም። ዳቦ ቤት ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። ወረቀት ደግሞ እንደ ሞኝ ነው፣ የያዘውን አይለቅም።

በሳምንቱ ዊስቲን ወደ ማሻ ክፍሉ መጣ። ዶሎር ሮዛሪያን አቅፋ ከኋላው ነበረች። ኢንድሪ ፎጣ ያጥፍ ነበር፤ ያጠፈውን ፈትቶ እንደገና አጠፈ።

«አበልጄ» አለ ዊስቲን፣ «ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ። የመንደሬ ሰው ቢመሰክርልኝ ወገኑ ነው ይላሉ። አንተ ግን ከጎዞ ደሴት የመጣህ ሰው ነህ፣ አነጋገራችንን የተማርከው እዚሁ ነው። ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ ንገርልኝ። ሌላ አልለምንህም።»

«ማን ነው የቀረጸህ?» አለ ኢንድሪ። ለምን እንደጠየቀ ራሱም አላወቀም።

«ያ ባለ ነጭ ጫማ ይሆናል፣ ማን ሌላ አለኝ ብለህ ነው?»

ጠርጥሮ ቢሆን ምናለ ሲል ተመኘ ኢንድሪ። ቢሰድበው፣ በቦክስ ቢለው። ዊስቲን ግን ሌባ ቤቱ እንደገባበት ሰው በሩን ሁሉ ሲፈትሽ አንዱን በር ሳይነካ አለፈ። እሱም የአበልጁ በር ነው።

ቢመሰክር ላምፑካ ይነቃበታል፣ ጌቶቹም ያመልጣሉ። ለራሱ የነገረው ይህንን ነው። እውነቱ ሌላ ነበር። የፈራው ኮሚቴው «አንተስ በዚያን ሰዓት የት ነበርክ?» ብሎ የሚጠይቀውን፣ ያን ጊዜም የዊስቲን ዓይን የሚያርፍበትን ቦታ ነው። አፈረ። እፍረቱም ደፋር አላደረገውም።

«ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

ዶሎር ሰሞኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «በየትኛው ሰዓት ነው ታዲያ፣ አበልጄ?»

«በቀኙ» አለ ኢንድሪ።

ሮዛሪያ ጣቱን ያዘች። አላስለቀቃትም፤ እናቷ ናት ያላቀቀቻት።

ሐሙስ ጠዋት ኢንድሪ ወደ ሲሲሊ በሚሄደው መርከብ ላይ ነበር። ወደኋላ ላለማየት ወስኖ አየ። የሃል ሽሎክ ማማዎች ከባሕሩ ላይ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ የቱ ሰዓት የቱ እንደሆነ አይለይም።

መከር ሲገባ ከባሕሩ ማዶ የላምፑካ ጌቶች ከነጭፍሮቻቸው ተያዙ። ጋዜጦቹ ትልቅ ድል አሉት። አጎት «ዘንባባ ተፈጸመ» የሚል መልእክት ላከለት። በዚያው ዜና ግርጌ በደቃቅ ፊደል የሃል ሽሎክ በረኛ ለዕድሜ ልክ መታገዱና ለመከላከያው ምስክር አለመቅረቡ ተጽፏል።

አሁን በሌላ ወደብ፣ በሌላ ስም፣ የሌሎች ተጫዋቾችን እግር ያሻል። ባለፈው ሳምንት አንድ ተከላካይ በደረቱ ተኝቶ ሲታሽ ሚስቱ ልትወልድ እንደተቃረበች አጫወተው። ክርስትና የሚያነሳለት ጨዋ ሰው እየፈለገ መሆኑንም ነገረው።

«አንተስ ክርስትና አንስተህ ታውቃለህ?» አለው።

«አላውቅም።»

የሚያሸው እጁ የልጁ እግር ላይ ቆመ።

«ምነው?» አለ ልጁ ቀና ብሎ።

«ምንም። ዙርና በጀርባህ ተኛ።»