የተዘቀዘቀው ባነር

«የኛ አይደለም! ሊሆን አይችልም!» አለች ኒቬስ።

ግን የነሱ ነበር። ከወዲያኛው ጎል ጀርባ የባላጋራው ደጋፊዎች ቀዩን ባነር ዘቅዝቀው ዘርግተውታል። «የወደቡ ልጆች» የሚለውን ጽሑፍ አባቷ ከመሞቱ በፊት በገዛ እጁ ነበር የቀባው። አሁን ፊደሎቹ ቁልቁል ተደፍተዋል። በነሱ ወገን ዘፈኑ ተቋረጠ። ከበሮው እንኳ ቆመ።

ጨዋታው ዜሮ ለዜሮ ነው፤ ግን ማን ጉዳዬ ብሎት! ባነሩን ያስማረከ የደጋፊዎች ማኅበር በዚያው ቀን ይፈርሳል። በጣልያን ስታዲየሞች ይህን ሕግ የማያውቅ የለም።

የማኅበሩ መሪ የሆነው ታላቅ ወንድሟ ሎሪስ ድምፅ ማጉያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «አበቃ» አለ። ከዚያ ወደ ከበሮ መቺው ወደ ሽማግሌው ኦሬስቴ ዞረ። «ባነሩ የሚቀመጥበት ምድር ቤት ቁልፍ ያለው እኔና እርስዎ ጋ ብቻ ነው። ለማን ሸጡን?»

«እኔ? ከአባትህ ጋር ቀለሙን የበጠበጥኩት ሰውዬ?» አሉ ኦሬስቴ።

«ከሃዲ!» ብሎ አንዱ ጮኸ። ሌላው ከበሮውን በእርግጫ መታው፤ ከበሮውም ደረጃውን እየተንከባለለ ወረደ።

ኒቬስ ባለፈው ሳምንት የቲማቲም ስልስ ጠርሙሶች ልታወጣ የወንድሟን ቁልፍ ይዛ ከጓደኛዋ ከጂኔቭራ ጋር ምድር ቤት ወርዳ ነበር። ባነሩን ለውጭ ሰው ማሳየት ክልክል መሆኑን እያወቀች፣ ጉራ ልትነዛ ገልጣ አሳየቻት። አሁን ወደ አጠገቧ ዞር ስትል የጂኔቭራ ፊት አመድ መስሏል።

«ለአጎቴ ልጅ ቀባጠርኩለት» አለች ጂኔቭራ በሹክሹክታ። «የምድር ቤቱ መስኮት እንደማይቆለፍም ነገርኩት። የነሱ ደጋፊ ቢሆንም ይሰርቃል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ! በማርያም፣ እንዳትናገሪ። ማንም አያውቅም እኮ፤ ይጨርሱናል።»

ኦሬስቴ እያነከሱ ወርደው ከበሯቸውን ለማንሳት ጎንበስ አሉ። ከዚያ ሁሉ ጎረምሳ አንድ የሚያግዛቸው ጠፋ።

ኒቬስ የጂኔቭራን እጅ ከክንዷ ላይ አላቀቀች። ደረጃውን ወርዳ ከበሮውን በአንድ ወገን ያዘችላቸው።

«ተዪው ልጄ፣ አንቺንም ይሰድቡሻል» አሉ ኦሬስቴ።

«ይስደቡኝ።» ቀና ብላ ወንድሟን ፈለገች። ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ ተናገረች።

«ሎሪስ፣ እሳቸውን ተዋቸው። ባነሩን ለሰው ያሳየሁት እኔ ነኝ።»