የሴኩ አጭር ሰላምታ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ ሁሉም በየቦታው ነበር።

ሰሃርላ ዋይት ሴንተር በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የምንጣፍ መደብር ጓዳ ውስጥ ቆማለች። ፊት ለፊቷ ክዳኑ የተነሣ ሣጥን አለ። በሣጥኑ ውስጥ አሥራ አንድ የእንጨት ምስሎች በገለባ ተሸፍነው ተኝተዋል። ከመንገዱ ማዶ አለቃዋ ሕዝቅኤል ግራጫ ቶዮታውን ፓርክ አድርጎ ይጠብቃል። ማሊ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ነው፤ መንገድ መሪው ሴኩ በኤንዴ መንደር ከቤቱ አለ።

እሷ የምታውቀው እንደዚያ ነበር።

የመደብሩ ባለቤት ጌዴዎን የሚያውቃት ሃሴት በሚል የሐሰት ስም ነው፤ የአንድ ሀብታም ሰብሳቢ ዕቃ መርማሪ። እውነተኛ ሥራዋ የተዘረፉ ቅርሶችን መከታተል ነው፤ የዛሬው ድርሻዋም ሁለት ነገር ብቻ ነበር። ምስሎቹ ማሊ ካለው የዶጎን ሰዎች ገደል የተዘረፉ መሆናቸውን ማረጋገጥ። ከዚያ ወደ መንገዱ የሚያየውን የጓዳውን መስኮት መጋረጃ ወደ ላይ መሳብ። ሕዝቅኤል መጋረጃው ሲነሣ አይቶ ለፖሊስ ይደውላል።

ሦስተኛውን ምስል አነሣች። ሁለት እጆቹን ወደ ሰማይ የዘረጋ ሰው ነው። በብብቱ ሥር የደረቀ የሌሊት ወፍ ኩስ ተጣብቋል። ከዋሻ ነው የወጣው።

«እህቴ፣ ልትገዢው ነው ወይስ ልታገቢው?» አለ ጌዴዎን።

«ገና አልጠየቀኝም።»

ሳቀ። እሷ ግን በሐሳቧ ያንን ገደል እያየች ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጎብኚ እምብዛም በማይደርስበት ጊዜ፣ ከሴኩ ጋር በገደሉ ሥር ሦስት ቀን በእግር ተጉዛለች። ቤቶቹ ከአለቱ ቀለም አይለዩም። ከቤቶቹ በላይ፣ ሰው በማይደርስበት ከፍታ፣ የጥንት ሰዎች ሙታናቸውን በገመድ ስበው ያስገቡባቸው ዋሻዎች አሉ። አፋቸው ጥቁር ነው። ቀና ባለች ቁጥር ከውስጥ የሚያያት ያለ ይመስላት ነበር። አሁንም ይመስላታል።

በዚያ መንገድ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ሰላምታቸው ረጅም ነው። አንዱ ይጠይቃል፦ አንተስ? ቤትህስ? ልጆችህስ? እናትህስ? ሌላው ለእያንዳንዱ «ሴዎ» ይላል። ደህና ማለት ነው። ተላልፈው ከሄዱም በኋላ አያቋርጡም። ጀርባ ተሰጣጥተው፣ ድምፅ እስኪርቅ ድረስ ይጠያየቃሉ።

በሦስተኛው ቀን ሴኩ ከአንድ ግንድ በተጠረበ መሰላል አውጥቶ በድንጋይ ግንብ የተዘጋ ዋሻ አሳያት። ከእሱና ከመንደሩ ሽማግሌዎች ሌላ መንገዱን የሚያውቅ አልነበረም። እዚያው ቆመው በምልክት ተስማሙ።

«ሰላምታዬ ካጠረ በዘራፊዎቹ እጅ ነኝ» አላት። «ያኔ ስለ እኔ ብለሽ ምንም አትስጪ።»

አልወደደችውም። ግን እሺ አለች።

«ጓዳው ብርሃን ያንሰዋል» አለችና መጋረጃውን ወደ ላይ ሳበች።

ሕዝቅኤል ከመኪናው ውስጥ ቀና ብሎ አያት። ስልኩን አላነሣም።

ስልሳ ቆጠረች።

አሁንም አላነሣም።

«ሶ፣ እውነተኛነቱን ከጠረጠርሽ እዚያ ማሊ ላለው ሰው ኮል እናድርግለት» አለ ጌዴዎን። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፍ አደረገ። አንድ ሰው በፈረንሳይኛ መለሰ፤ ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተሰማ።

«አንቺስ?» አለ ሴኩ በራሱ ቋንቋ።

«ሴዎ።»

ጠበቀች። ቤቷን አልጠየቀም። እናቷንም አልጠየቀም።

ሰላምታው እዚያው አበቃ።

የሴኩን ስምና መንደር ከእሷ ሌላ የሚያውቀው ከዚያ ጉዞ በኋላ የጻፈችውን ሪፖርት የተቀበለው ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው አሁን መንገዱን እያቋረጠ ነው። የመደብሩ በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማች።

«ተቀመጪ ሰሃርላ» አለ ሕዝቅኤል።

«ሃሴት ይሻል ነበር» አለ ጌዴዎን። «ያምርባታል።»

«ከመቼ ጀምሮ ከእነሱ ጋር ነህ?» ስትል ሕዝቅኤልን ጠየቀችው።

«ብነግርሽ ምን ይጠቅምሻል? ስሚኝ። ግንብ ያለበት ዋሻ እንዳለ ራስሽ ጽፈሻል። መንገዱን ግን አልጻፍሽም። ሴኩም እምቢ ብሏል።»

«ሽማግሌዎቹን ጠይቋቸው።»

«ከእነሱ ይልቅ አንቺ ትቀርቢናለሽ። ንገሪንና ዛሬ ራቱን ከልጆቹ ጋር ይበላል።»

«ብዋሽስ?»

«እሱን ከፊት አስቀድመው ነው የሚወጡት። ዋሻውን ካጡት ከዚያው አይመለስም።»

የአንድ ሰው ሕይወት በአንድ በኩል፣ እሱ ራሱ አደራ ያላት በሌላ በኩል። ከጓዳው በር አጠገብ ግድግዳው ላይ ቀይ የእሳት አደጋ ደወል እጀታ አለ። ስድስት እርምጃ ይርቃል።

«መጀመሪያ ሰላም ልበለው» አለች። «ሰላም ሳይባል ምንም አይናገርም። ወጉ ነው።»

ሕዝቅኤል በእጁ ቀጥዪ አላት።

ጀርባዋን ለስልኩ ሰጠች። አንድ እርምጃ ሄደች።

«ወዴት ነው?» አለ ጌዴዎን።

«እንደዚህ ነው የሚሉት» አለ ሕዝቅኤል። «እየተራራቁ። ሪፖርቷ ላይ አለ።»

«ቤትህስ?» አለች፤ በየጥያቄው አንድ እርምጃ ትራመዳለች።

«ሴዎ።»

«ልጆችህስ?»

«ሴዎ።»

«እናትህስ?»

እዚህ ላይ ዘገየ። ምን እያደረገች እንደሆነ የገባው ያኔ ይመስላታል። «ሴዎ» አለ፤ ድምፁ እንደ መንገደኛ ከፍ ብሎ።

«ማሽላህስ?»

«ሴዎ።»

«መንገድህስ?»

«ሴዎ።»

እጀታውን ጎተተችው።

ደወሉ ሕንፃውን ሞላው። ፎቅ ላይ ካለው የጥርስ ሐኪም ቤት ሰዎች በደረጃው ወረዱ፤ አንዷ አፏ ውስጥ ጥጥ እንዳለ። የጓዳው በር በሰው ተሞላ። ጌዴዎን ሣጥኑን ለመጎተት ጎንበስ ሲል ሰሃርላ ክዳኑን መልሳ ተቀመጠችበት። ሕዝቅኤል ወደ ውጭ ተጋፋ፤ ቶዮታውን አስነሥቶ ሳይወጣ ግን የእሳት አደጋ መኪና መውጫውን ዘጋበት። በስድስተኛው ደቂቃ ፖሊስ ደረሰ።

ስልኩን አነሣች። መስመሩ ተቋርጧል።

ሁለቱ ሰዎች ታሰሩ። ምስሎቹ ሳይጎድሉ ተመዘገቡ። እሷ ለጥበቃ ሲባል በዚያው ሳምንት ሌላ ስም ተሰጣት፤ ማውንትሌክ ቴራስ በሚባል ከተማ የምትኖር፣ ጠዋት ጠዋት አውቶቡስ የምትጠብቅ ምሥራቅ የምትባል ሴት ሆነች። ጎረቤቶቿ ዝምተኛ ናት ይላሉ። ሰው አልፏት ሲሄድ ግን ቆማ ታዳምጣለች፤ ከኋላዋ የሚጠይቃት ያለ እየመሰላት።

በአርባ ሦስተኛው ቀን ከማሊ አጭር ሪፖርት ደረሳት። ሴኩ አልተገኘም። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ለደኅንነታቸው ወደ ሌላ መንደር ተወስደዋል። የዋሻው ግንብ ቁመቱ አንድ ሜትር ከአርባ ሲሆን፣ አንድም ድንጋይ አልተነሣም።