ከግንቡ የመጣው ድንጋይ

አታምኑኝም፣ ግድ የለም። ሰው ለማሳመን አቅሙም የለኝ። ግን ሆኗል... ቢዋ ሐይቅ ዳር፣ በእኔው ቤት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

አማቴን እማማ ቶሜን ሳስታምም ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። እግራቸው አይሠራም። ጎናቸው እንዳይቆስል በየሦስት ሰዓቱ አገላብጣቸዋለሁ። ቀንም ሌትም።

ደክሞኝ ነበር። ቆሜ የምተኛበት ጊዜ ነበር።

በዚያ መኸር ዝናብ ጠፋና ሐይቁ ሸሸ። የፈረሰው ግንብ መሠረት ብቅ አለ። ከአራት መቶ ዓመት በፊት ተቃጥሎ፣ ደህና ደህናው ድንጋይ ለሌላ ግንብ ተወስዷል። የተረፈውን ውሃው ውጦት ነበር።

ባሌ ኢሳሙ ሊያይ ሄዶ አንድ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። ፍጅል የሚባለውን ነጭ ሥር በጨው ስናስቀምጥ በርሜሉ ላይ የምንጭነው እንዲሆን።

"እንዴት ያለ ጠፍጣፋ ነው፣ እይው እስቲ" አለኝ።

እማማ ከፍራሻቸው ሰሙ።

"ከየት ነው ያመጣው?"

"ከግንቡ ነው፣ እማማ።"

በሹክሹክታ እንዲህ አሉ፣

"መልሱት። ያ ግንብ ክፍተት አይወድም። ያኔ ሠሪዎቹ ድንጋይ ሲያልቅባቸው የመቃብር ድንጋይ ነቅለው ነው የሞሉት። ዛሬም ያገኘውን ይወስዳል።"

ኢሳሙ ሳቀ። "እማዬ ደግሞ፣ ግንብ እንደ ሰው ይርበዋል እንዴ?"

እኔ አልሳቅኩም። ድንጋዩ ሥር ውሃ አይቻለሁ። ጠረግኩት። ተመልሼ ሳየው... እንደገና ውሃ። በጣቴ ቀመስኩት። ጨው የለውም። ሐይቅ ሐይቅ ይላል።

"ልጄ፣ ዛሬውኑ መልሺው" አሉኝ ሳገላብጣቸው።

"ነገ፣ እማማ። ወገቤ ተቆርጧል።"

"ነገ ይዘንባል።"

"ነገ አልኩ እኮ።"

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙሬ አስተኛኋቸው። እውነቱን ልናገር... በልቤ "ምነው በገላገለኝ" ብያለሁ።

በማግስቱ ዘነበ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላገላብጣቸው ገባሁ።

ፍራሹ ባዶ ነው... ርሷል።

ሦስት ዓመት ያልቆሙ ሴት የት ይሄዳሉ?

ኢሳሙ ድንጋዩን አቅፎ፣ እኔ ከኋላው፣ ወደ ሐይቁ ሮጥን። ውሃው እየሞላ ነበር። እስከ ጉልበታችን ገባን።

"እዚህ ነበር" አለ ኢሳሙ። "ድንጋዩን ያነሣሁት ከዚህ ነው። ክፍት ነበር።"

አሁን ክፍት አይደለም። ረዘም ያለ ድንጋይ በጎኑ ተኝቶበታል፣ ፊቱን ወደ ግንቡ፣ ጎባጣ ጀርባውን ወደ እኛ። ሥሩ የእማማ የራስ ፎጣ ተቆንጥጧል።

ጎተትነው፤ ንቅንቅ አላለም። ጠላቂዎች ቢፈልጉም እማማን አላገኟቸውም።

እንግዲህ እንደ ልቤ መተኛት እችላለሁ... እንቅልፍ የታባቱ።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እግሬ ራሱ ወደ ሐይቁ ወሰደኝ። ውሃው ጠርቷል፣ ድንጋዩ ይታያል። ጀርባው ወደ ግንቡ ሆኗል።

እማማን የማገላብጥበት ሰዓት ነበር... እኔ ግን ገና አልነካኋቸውም።